የሁለታችን ካፖርት

ወሩ መስከረም ነበር፤ ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ ሣሩ ወገብ ደርሶ ጭቃው ገና ያልደረቀበት ጊዜ። ከመቀሌ በስተምሥራቅ፣ መሬቱ ወደ በረሃው በሚወርድበት ገደላማ ስፍራ፣ እኔና ሐጎስ የቆሰለ ነብር ፍለጋ ወጣን። እናንተ ተማሪዎች ሐጎስን አላያችሁትም፤ ግቢዬን የተከራያችሁት እሱ ካረፈ በኋላ ነው። ካፖርቱን ግን ታውቁታላችሁ። ከበሩ ኋላ ተሰቅሎ ስታዩት «ይሄ ነገር መቼ ነው የሚጣለው?» እያላችሁ ስትስቁብኝ ነበር። ምስማሩ ባዶ ሲሆን ደግሞ የት ገባ ትሉኛላችሁ። ቁጭ በሉና ስሙ።

ነብሩን ያቆሰሉት ፍየል ያለቀባቸው ሰዎች ናቸው። የኋላ እግሩን በሽቦ ወጥመድ ያዙት፤ ሽቦውን በጥሶ ከነቁራጩ አመለጠ። የገባበት ጥሻ የሴቶቹ የውሃ መንገድ ስለነበር፣ ጨርሱልን ብለው ለመኑን።

ለሁለት አንድ ምንሽርና አንድ ካፖርት ነበረን። ካፖርቱ ወፍራም የወታደር ነው፤ ዝናብ ሲነካው እንደ እርጥብ በግ ይሸታል። ደንባችን እንዲህ ነበር፤ ፊት የሚሄደው ጠመንጃውን ይይዛል፣ ካፖርቱንም ይለብሳል። አውሬው ቢዘልበት እጅጌው ጥርሱን ይመክትለታል ብለን ነው። ሲደክመው ሁለቱንም ለሌላው ያስረክባል።

ጠዋት ሐጎስ ይመራ ነበር። ዱካው ጭቃው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ሦስቱ እግር ጥርት ያለ፣ አራተኛው የተጎተተ፣ ከጎኑ ሽቦው የጫረው ቀጭን መስመር። ጉም ከገደሉ ሥር እየወጣ ፊታችንን ያረጥበዋል። ወንዙን ስንሻገር የሐጎስ ጥርስ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ። ወባው ተነሥቶበታል። ተመለስ ቢሉት እሺ የሚል ሰው አይደለም፤ ግትር ነው።

ተራው የኔ ሆነ። ምንሽሩን ተቀበልኩት። ካፖርቱን ሊያወልቅ ሲል ግን ቁልፉን መልሼ ቆለፍኩበት።

«ኣታ ገብረ፣ ደንቡስ?» አለኝ።

«ደንቡ በወባ ላይ አይሠራም። ዝም ብለህ ተከተለኝ።»

ጥሻው ውስጥ ገባን። ቅጠል ላይ ደም አየሁ፤ ገና አልደረቀም። ጣቴን ቃታው ላይ አድርጌ፣ ከፊቴ ያለውን ቁጥቋጦ ሁሉ በዓይኔ እየበረበርኩ አለፍኩ። ምንም የለም። ወዲያው ከኋላዬ ሐጎስ ጮኸ።

ነብሩ እኔን አሳልፎኛል። እጄን ብዘረጋ የምነካው ቦታ ተኝቶ አሳልፎኝ፣ እሱ ላይ ዘለለ። ስዞር ሁለቱ ተያይዘው ይንከባለላሉ። ሐጎስ ግራ ክንዱን ከነእጅጌው አፉ ውስጥ ወትፎበታል፤ ጨርቁ ሲቀደድ ይሰማኛል። አነጣጠርኩ፤ አፈሙዙ ፊት አንዴ ነብሩ፣ አንዴ ሐጎስ ይመጣል።

«ቅረብ! ቀርበህ ተኩስ!»

እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። እንደምንም ራሴን ጎትቼ ደረስኩ፤ አፈሙዙን ከነብሩ ጎድን አስጠግቼ ቃታውን ሳብኩት።

ሐጎስ ከሥሩ ወጣ። ክንዱ በልዟል፣ አጥንቱ ግን ደህና ነው። የተተለተለውን እጅጌ አየና «ተራው ያንተ ነበር፤ ቀዳዳውን አንተ ስፋ» አለኝ። ሰፋሁት።

ከዚያ ወዲህ ካፖርቱን የኋለኛው ይለብሰው ጀመር። እኔም ፊት ፊቴን ብቻ ሳይ የሚከተለኝን ሰው ላጣ እንደምችል ያን ቀን ገባኝ። ዛሬም መንገድ ስሄድ ዞር ዞር እላለሁ፤ ማንም የለም፤ ግን እላለሁ።

ባለፈው ዓመት ሐጎስ አልጋው ላይ አረፈ፤ ካፖርቱ እኔ ዘንድ ቀረ። ብል በላው፣ ገበሩ ተንጠለጠለ፤ ልብስ ሰፊው መርፌ የሚይዝ ጨርቅ የለውም ብሎ መለሰልኝ። ትናንት ከከተማው ወዲያ ጫፍ፣ ሰሜን የሚባለው ሰፈር ወስጄ፣ ከአህያ ጭነት ሥር የሚገባ ድልዳል ለሚሰፋ ሰው ሰጠሁት። በመቀስ ሲቆርጠው ጨርቁን ወጥሬ ያዝኩለት። እጅጌው ላይ ሲደርስ ልከለክለው ነበር፤ ግን ምን ላደርግበት? ይሁን፣ ለአንድ አህያ ጀርባ ይለስልስላት። አለቀስኩ። ሰውዬው አቧራው መስሎት ውሃ ሰጠኝ።

ወደ ሰፈራችን ወደ ሓድነት በሚኒባስ ተመለስኩ። ከሐጎስ ጋር እንደለመድኩት መስኮቱን ይዤ፣ ከጎኔ ቦታ ለቀቅኩ። አንዲት ሴት ዘንቢል ይዛ ገባች።

«ኣቦይ፣ ሰው አለው ዶ?»

«አለው» አልኳት።

ሌላ ቦታ ፈለገች፤ መኪናው ሞልቷል። ረዳቱ በሩን ዘጋ፤ እሷ ዘንቢሏን አቅፋ ጎንበስ እንዳለች ቀረች።

«የለውም ልጄ» አልኳት። «ነይ ተቀመጪ።»