በዱላው ፈንታ

በመቱ ከተማ ገበያ ሱቅ ያላት ሉባባ ለሶላት ስትወጣ በሯ ላይ ዱላ ታጋድማለች፤ ዱላው ካለ ማንም አይገባም። በረንዳዋ ላይ ለሚያድሩት ለጋሽ ዲንቃ ጠዋት ጠዋት ሳንቲም ትሰጣቸው ነበር። ሁልጊዜም አቀርቅረው ይቀበሏታል። ሳንቲሙ ረሃባቸውን ቢያስታግስም አንገታቸውን አለማቃናቱ ሆዷን ይበላዋል።

አንድ ዓርብ ዱላውን ሰጠቻቸው።

«ጋሼ፣ ዛሬ እርስዎ ይጠብቁልኝ።»

«ሱቅሽን ተሸክሜ ብጠፋስ?»

«በዚህ ጉልበትዎ? ወደ ቡሬ መውጫው መንገድ ሳይደርሱ እይዝዎታለሁ።»

ጋሽ ዲንቃ ሳቁ። ስትመለስ ዱላውን ጭናቸው ላይ አጋድመው አንዲትን ገበያተኛ «ባለቤቷ ሶላት ላይ ናት፤ ትንሽ ታገሺ» ይሏታል።

በማግስቱ እንደ ልማዷ ሳንቲም ይዛ ወጣች። ጋሽ ዲንቃ ፊታቸውን ታጥበዋል። እጃቸውን ሳይዘረጉ ዓይን ዓይኗን እያዩ፣

«ዛሬስ በስንት ሰዓት ነው የምትወጪው?» አሏት።