በዱብቲ ጎርፍ ላይ ሁለት ጀልባዎች

ከአዋሽ ሰባት የተነሳሁት አክስቴን ዘሀራን ከሆስፒታል አውጥቼ ከዱብቲ ማዶ ያለው ቤቷ ለማድረስ ነበር። ዱብቲ ላይ የቀኝ ዓይኗ ሞራ በቀዶ ሕክምና ተነስቶላታል፤ ግራው ከድሮም አያይም። ልጇ በጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ይነዳል፤ ስልኩን አላነሳ ብሏታል። “ሰዓዳ፣ ያለሽኝ አንቺ ነሽ” አለችኝ። ሱቁን ለባለቤቴ ትቼ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ነሐሴ ነው። ደጋው ላይ የዘነበው ሁሉ በአዋሽ ወንዝ ወደ አፋር ይወርዳል። ከገዋኔ ወዲያ መስኮቱን ብንከፍት የሚገባው እሳት ነው፤ ብንዘጋው ደግሞ እንታፈናለን። ሚሌ ላይ የፍየል ጥብስ በዳቦ እየበላን ሹፌሩ፣ “ከዱብቲ ማዶ መንገዱን ውሃ በልቶታል፤ ሰው የሚሻገረው በጀልባ ነው” አለ። ዳቦዬን መልሼ አስቀመጥኩ። ዋና አልችልም። ያን ሌሊት ሰመራ ሆቴል ውስጥ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ውሃው ላይ

አክስቴ ዓይኗ በነጭ ፋሻ ተሸፍኖ ጠበቀችኝ። ነርሷ፣ “እንዳትወድቅ፤ ቆሻሻ ውሃም ዓይኗ እንዳይገባ፤ አለበለዚያ ታጣዋለች” ብላ አስጠነቀቀችኝ።

አስፋልቱ ውሃው ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ የግራር ጫፍ ብቻ ነው የሚታየው። ሁመድ የሚባል ረጋ ያለ ሰው በሰፊ የብረት ጀልባው ጫነን። አብረውን የዱቄት ጆንያ የያዙ ሰዎችና ሁለት ፍየል የምትጎትት ሴት አሉ።

“አዞ አለ?” ብዬ ጠየቅኩት።

“ውሃው ውስጥ እጅሽን አትንከሪ” አለኝ። መልሱ ገባኝ።

መሃል ስንደርስ የሞተር ጩኸት ሰማን። ሁለት ወጣቶች ያሉበት ፈጣን ጀልባ ቀጥ ብሎ ወደ እኛ ይመጣል። ሊመታን ትንሽ ሲቀረው ታጠፈ። ሞገዱ ጎናችንን ሲመታው ጀልባው ተንጋደደ፤ ውሃው ገባ፤ ፍየሎቹ ጮኹ። የአክስቴን ራስ በሻርፔ ሸፍኜ ደረቴ ላይ አጣበቅኳት።

“ምንድን ነው?” አለች።

“ምንም አይደል፤ ነፋስ ነው።”

“ነፋስ እግሬን ያረጥባል እንዴ!”

አንድ ሰውዬ ደንግጦ ሲነሳ ጀልባው ወደ አንድ ጎን አዘነበለ። “ቁጭ በሉ! ማንም እንዳይነሳ!” ሲል ሁመድ ጮኸ። ልጆቹ እየሳቁ ዞረው መጡ፤ አንደኛው በስልኩ ይቀርጸናል። ሁመድ ሞተሩን ቀንሶ የጀልባውን ፊት ወደ ሞገዱ አዞረ። ከፍ ብለን ወረድን። “ላ ኢላሀ ኢለላህ” ያላለ አልነበረም። ከዚያ በተቆረጠ ጀሪካን ውሃውን እየቀዳን ማዶ ደረስን።

ቤቷ ስንገባ ፋሻውን ዳሰስኩት። ደረቅ ነው።

“ሌላ ጊዜ ስጠይቅሽ እውነቱን ንገሪኝ” አለችኝ አክስቴ። “የማላየውን ነገር ብቻዬን ስፈራው ይብሳል።”

በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ ፊቴን ትክ ብላ አየችና፣ “ከስተሻል” አለች። ተቃቅፈን አለቀስን።

መልስ

ልጇ ከጅቡቲ ሲደርስ ለመመለስ ወደ ውሃው ወረድኩ። የሁመድ ሞተር ተበላሽቶ ሊሠራ ሄዷል። የቆመው ያ ፈጣን ጀልባ ነው። የሚነዳው ጣሂር ይባላል፤ ሲቀርቡት የልጅ ፊት ነው ያለው።

“ቀስ ብለህ ካልሄድክ አልሳፈርም” አልኩት።

“ፈሪ ከሆንሽ በእግርሽ ተሻገሪ!”

“አዎ፣ እፈራለሁ። ያን ቀን ዓይኗን የታመመች ሴት ይዤ ነበር።”

“ቀልድ ነበር እኮ።”

“ቀልዱ የእናንተ ነው፤ ውሃው ግን የገባው እኛ ጋ ነው።”

አንዲት የአፋር ሴት የወተት ጀሪካኗን አንግታ አንድ እግሯን ጀልባው ላይ አሳርፋ ነበር። እግሯን መለሰችና፣ “እኔም እፈራለሁ” አለች። ከኋላዋ የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎችም መጥተው አጠገባችን ቆሙ። ጣሂር ባዶ ጀልባው ላይ ተቀምጦ ፀሐዩ ጠበሰው። ሊሄድ ሞተሩን አስነሳ፤ መልሶ አጠፋው። በመጨረሻ፣ “እሺ ግቡ፤ ቀስ እላለሁ” አለ፣ ሳያየን።

ቀስ አለ። እኔ ግን እስክንወርድ የጀልባውን ጠርዝ አልለቀቅኩም።

ወደ አዋሽ ስንመለስ ሚኒባሱ ከባድ መኪና ለመቅደም መታጠፊያ ላይ ከመስመሩ ወጣ። ድሮ ቢሆን ዓይኔን ጨፍኜ ዱዓ አደርግ ነበር። “ወንድሜ፣ ኧረ ቀስ በል! ፈራን” አልኩ ጮክ ብዬ። “እውነቷን ነው!” አሉ ከኋላ። ሹፌሩ አጉረመረመና ወደ መስመሩ ተመለሰ።

ቤቴ ከገባሁ በኋላም ውሃው በሕልሜ እየመጣ ያባንነኛል። ከዚያ ጉዞ ድፍረት ይዤ አልተመለስኩም። መፍራቴን ሰው ፊት መናገር ግን ተምሬያለሁ፤ ለካ ሌላውም የሚናገርለት እየጠበቀ ኖሯል።