የራት እንግዶች

ጎረቤቴን ሰፈሩ «ጋሽ ጉርድ» ይላቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ሲያነሱ ኖረው ነው። ጡረታ ወጡ፣ ባለቤታቸው ሞቱባቸው፣ አንዲት ልጃቸውም ትዳር ይዛ ሌላ ከተማ ገባች። የቀራቸው ካሜራው ነው።

መጀመሪያ ያየኋቸው ማታ ጓሮ ነጭ አንሶላ ወጥረው፣ አምፖል አንጠልጥለው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። «በቃ፣ ሰውዬው ለቀቁ» አልኩ። ለካ የእሳት ራት ነው የሚያነሱት። አንሶላው ላይ ሲያርፍላቸው እንደ ድሮ ደንበኛ «ቀና በል፣ እንዳትንቀሳቀስ» ይሉታል።

«ካነሳኋቸው ሁሉ ዓይኑን ያልጨፈነብኝ እሱ ብቻ ነው» አሉኝ አንድ ቀን።

ልጃቸው ማታ ማታ ትደውላለች። ጆሯቸው ስለደከመ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ ያደርጉታል፤ እኔም ከቆርቆሮው አጥር ወዲህ ሳልፈልግ እሰማለሁ። ምን ያስዋሸኛል፣ ፈልጌም ነው።

«ዛሬስ ስንት መጡልህ አባዬ?»

«አስራ አንድ። አንዱ አዲስ ነው።»

«ሁሉም ለራት?»

«ራትማ ራሳቸው ናቸው!» ይላሉ። አብረው ይስቃሉ።

ባለፈው ሳምንት ግን እንዲህ አለች፦ «ለዕረፍቴ ልመጣ ነበር፤ ግን ቤትህ በየማታው በራት እንግዳ ከተሞላ እኔ ተጨምሬ ምን አጨናንቅሃለሁ? ብቻህን አለመሆንህ ይበቃኛል።»

ክው አልኩ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ «የእሳት ራት» ያሏትን «ራት» ብቻ ሰምታ ኖሯል! እሳቸው ደግሞ ትመጣለች ብለው ፍራሹን ፀሐይ ላይ ማስጣት ከጀመሩ ሦስት ቀናቸው ነበር።

«ይንገሯት እንጂ!» ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

«እሺ ልጄ» አሉ። እንዴት እንዳናደዱኝ! እንዲህ ያለ ኩራት ለማን ይጠቅማል?

«በል እንግዲህ፣ ከእንግዶችህ ጋር ተነስተህ ፎቶ ላክልኝ» ብላ ዘጋች።

ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ዞር ሳይሉ «አንቺ ከአጥሩ ወዲያ ያለሽው፣ ነይና ፎቶውን ተጫኚልኝ» አሉ። ለካ ሁልጊዜም ያውቁ ነበር። እያፈርኩ ሄድኩ። ስልካቸውን ሰጡኝ፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆለፉ፣ አንሶላው ፊት ተቀመጡ። ከካሜራው በዚያኛው በኩል ተቀምጠው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው፤ አንሰው ታዩኝ። አንድ ቡናማ የእሳት ራት መጥቶ ትከሻቸው ላይ አረፈ። ተጫንኩ፤ ላክንላት።

«ሌሎቹስ የት አሉ?» ብላ ጻፈች።

መነጽራቸውን አድርገው በአንድ ጣት ፊደል እየፈለጉ መለሱላት፦ «ትከሻዬ ላይ እይው። የእሳት ራት ነው። እስከ ዛሬም ሌላ እንግዳ መጥቶ አያውቅም።»

ስልኩ ወዲያው ጠራ። «አባዬ» አለችና ለቅሶዋ ቀደማት።

እሳቸው «ፍራሹን አስጥቼልሻለሁ» አሉ።