ከምድር ቤቱ ሥር ያለ ሆራ

አምቦ መናኸሪያ ጀርባ ባለው አዲስ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከጄኔሬተሩ ኋላ፣ ሆራ ይፈልቃል ቢባል ማን ያምናል? ከብት የሚወደው ያ ጨው ጨው የሚል ውሃ እዚያ እንዳለ የሚያውቁት ዘበኛው ኦቦ ደቻሳ ብቻ ነበሩ። ሕንፃው የቆመው በአባታቸው ግጦሽ ላይ ነው። ከተማው ሲሰፋ መሬቱን ዋጠው፤ ለእሳቸው ዘበኝነት ደረሳቸው።

ከመንጋው የተረፈች አንዲት ላም አለቻቸው። ባለሕንፃው በማይመጣበት ቅዳሜ ቅዳሜ በመኪና መግቢያው ያወርዷታል። እንደ አባታቸው እርጥብ ሣር ይዘው ሆራውን መርቀው ያጠጧታል።

አንድ ቀን ባለሕንፃው ውሃውን አየና፣ “ኦቦ ደቻሳ፣ ይሄ ነገር መሠረቱን ሊበላው ነው። ዛሬውኑ በሲሚንቶ ይድፈኑት፤ አለዚያ ሌላ ዘበኛ እፈልጋለሁ” አላቸው።

“ኧረ ጌታዬ፣ ሆራ አይደፈንም! ነውር ነው!”

ሳቀባቸው። በስተርጅና ወዴት ይሂዱ? ሲሚንቶውን አቦኩ። ከመድፈናቸው በፊት ግን እርጥብ ሣር አጭደው የውሃው ዓይን ላይ አኖሩ። ሊመርቁ አፋቸውን ከፈቱ። የሚቀብሩትን ምን ብለው ይመርቁ? ሳይመርቁ ደፈኑት።

ቅዳሜ ላሚቱ ገመዷን በጥሳ ብቻዋን መጣች። በሩ ላይ ተገትራ እምቧ ትላለች። ያን ቀን ደግሞ፣ አይጣል ነው፣ የባለሕንፃው መኪና ከኋላዋ ደረሰ።

“የማን ላም ናት?” ሲል ጮኸ።

“እንጃ ጌታዬ፣ አላውቃትም” አሉና በዱላ ጀርባዋን አሏት።

ላሚቱ ዞረች፤ ዱላውን የያዘውን እጃቸውን ትልስ ጀመር።