ገመድ የሌለው ማርሽ

ያን ጠዋት ሐኪም ጋራ የሚባለው ተራራ አቀበት ላይ ቆሜ የቀኙን ቁልፍ ስጫን ብስክሌቱ ይታዘዘኛል፣ የግራውን ስጫን ዝም ይለኛል። ምክንያቱን በኋላ ብሰማም ነገሩ እስከ ዛሬ በቅጡ አልገባኝም። ለሰው ላስረዳ ስጀምር መሀል ላይ ይጠፋብኛል።

ነርስ ነኝ። ያደግሁት ባሕር ዳር ነው፤ ሜዳ አገር፣ ሴቱም ወንዱም ብስክሌት የሚነዳበት። ሐረር ስመደብ ልማዴን ይዤ መጣሁ። እዚህ ግን መንገዱ ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል፣ ሴት ብስክሌት ላይ ስትታይ ደግሞ የባጃጅ ሾፌሮች ዝም አይሉም። «ሲስተር፣ አምቡላንሱ ተበላሸ እንዴ?» ይሉኛል። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አጥብቄ፣ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ።

ብስክሌቱን የሰጠኝ ለጥቂት ወራት ሊያስተምረን መጥቶ የነበረ የውጭ አገር ሐኪም ነው። ሲመለስ ጥሎልኝ ሄደ። ማርሹ የሚሠራው በባትሪ ነው። እኔ የማውቀው ማርሽ ጣት ሲገፋው ገመድ ይስባል፣ ገመዱ የኋላውን ክንድ ይስባል፣ ካቴናው ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው ይዘላል፤ የተሰወረ ነገር የለውም። የዚህኛው ግን መሪው ላይ ሁለት ቁልፎች ብቻ ናቸው ያሉት። ቀኙ ማርሹን ያከብዳል፣ ግራው ያቀላል። ከኋላ «ዚዝ» የምትል ድምፅ ትሰማለች፤ በቃ። ትእዛዙ በምን በኩል እንደሚደርስ ሐኪሙን ስጠይቀው በአየር ነው አለኝ። እኔ ደግሞ በአየር ሄዶ የሚደርስ ነገር ጸሎት ብቻ ነበር የሚመስለኝ። ሁለቱን አንድ ላይ በማሰቤ ንስሐ መግባት ይኖርብኝ ይሆን ብዬ ስጨነቅ ሰነበትኩ።

ብስክሌቱ የሚያስፈልገኝ ለአንዲት እናት ስል ነው። ሐኪም ጋራ ጫፍ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ስኳር ዓይናቸውን ወስዶባቸዋል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ቁርስ ሳይቀምሱ ኢንሱሊናቸውን የምወጋቸው እኔ ነኝ። ጎረቤቶቻቸው ምግብ ያቀርቡላቸዋል፣ መርፌ ግን የሚደፍር የለም። ከእኔ በፊት ትወጋቸው የነበረችው ነርስ ዝውውር አግኝታ፣ ሳትሰናበታቸው ነው የሄደችው። ቤንዚን ከጠፋ ወዲህ በዚያ ሰዓት ባጃጅ አይገኝም፤ በእግሬ ልመላለስ ብል ሥራ መግቢያዬ ያልፋል። ብስክሌቱ ከቀረ የእሳቸውም መርፌ ይቀራል።

ከዚያ ጠዋት በፊት ባለው ቀን የቀኙ ቁልፍ ትንሿ መብራት ቀላች። ሰዓት ሠሪ ጋ ወሰድኩት። በእያንዳንዱ ቁልፍ ውስጥ ሳንቲም የምታህል የሰዓት ባትሪ አለች። የቀኙን ቀየረልኝና፣ የግራዋም ብዙ አትቆይም ብሎ ሌላ አዲስ ባትሪ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። እስክታልቅ መጠበቅ አልፈለግሁም፤ ቤቴ እንደገባሁ ራሴው ቀየርኳት። ኋላ ያለው፣ ማርሹን የሚያንቀሳቅሰው ትልቁ ባትሪ አረንጓዴ ሲያበራ አየሁና ሁሉም ደህና ነው ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ወጣሁ። መጀመሪያ መንገዱ ቁልቁል ስለሆነ ቀኙን ደጋግሜ ተጫንኩ። ማርሹ ከበደ፣ እኔም ፈጠንኩ። አቀበቱ ሲጀምር ግራውን ተጫንኩ። ዝም። ጠበቅ አድርጌ ደገምኩት። ዝም። በድንጋጤ ቀኙን ሁለቴ ተጫንኩ፤ እሱማ ሰማኝ፣ ጭራሽ አከበደው። ካቴናው ከባዱ ጫፍ ላይ ለመድረስ ሁለት ጥርስ ቀርቶት ነበር፤ እነሱንም እኔው በገዛ እጄ ጨረስኳቸው። ከዚያ በኋላ ፔዳሉ አልንቀሳቀስ አለኝ።

ወርጄ ትልቁን ባትሪ ነቀልኩ፣ በነጠላዬ ጠርዝ ጠርጌ መለስኩት። አረንጓዴ ነው። ሞልቷል ማለት ነው። ሞልቶ ከሆነ ታዲያ ለምን አንዱን እጄን ሰምቶ ሌላውን አይሰማም? የቀረውን አቀበት እየገፋሁት ወጣሁ። የጫት እስር ተሸክማ የምትወርድ ሴት ቆም ብላ አየችንና ከእኔና ከብስክሌቱ ማን ማንን ሊያደርስ እንደወጣ ጠየቀችኝ። መግፋቴን ቀጠልኩ።

ስደርስ አንድ ሰዓት ተኩል አልፏል። እናቲቱ ዳቦ በሻይ በልተው ጨርሰዋል። ስለካቸው ስኳሩ ወጥቷል።

«አገርሽ የገባሽ መስሎኝ» አሉኝ። «እንደዚያችኛዋ።»

«ማርሹ እንቢ ብሎኝ ነው፣ እማማ።»

«ማርሽ አላውቅም ልጄ። እኔ የማውቀው መምጣትሽንና መቅረትሽን ነው።»

ለሐኪም ደውዬ ጠይቄ፣ ያለውን ሰጠኋቸውና ስኳሩ እስኪረጋ አጠገባቸው ቆየሁ። ሥራ አርፍጄ ገባሁ።

ከሥራ ስወጣ ብስክሌቱን እየገፋሁ ኤረር በር ከሚባለው የግንቡ በር አጠገብ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ጠጋኝ ሄድኩ። ቢስሚላህ ብለው ገለበጡት። የኋላውን ክንድ ብሎኖች በካቻቪቴ ፈተሹ፤ ካቴናው ከዳር ዳር እንዳይወድቅ የሚያግዱት እነሱ ናቸው፣ ደህና ናቸው አሉኝ። ከዚያ ገመዱን ፈለጉ። በአየር ነው የሚሠራው ስላቸው፣ ወላሂ የማላየውን ነገር ጠግኜ አላውቅም አሉ። ቀጥለው ግን እኔ በሽተኛ እንደምጠይቀው ጠየቁኝ፤ ከመበላሸቱ በፊት ምኑን ነካካሽ? አሉኝ። ነገርኳቸው።

የግራውን ቁልፍ ክዳን ከፍተው ባትሪዋን በጥፍራቸው አነሷት። ጀርባዋ ላይ ዓይን ውስጥ የማይገባ ስስ ላስቲክ ተለጥፏል። ላጥ አደረጉት።

«ሲስተር፣ ይቺን ለማን ነው ያስቀመጥሻት?»

መሬቱ ቢውጠኝ በወደድኩ። በእኛ ቤት የአዲስ ዕቃ ላስቲክ አይላጥም። የፍሪጄ በር እስከ ዛሬ በላስቲኩ ነው፤ ሪሞቱም እንደተጠቀለለ ነው። ባትሪዋ ላይ ሳየው መከላከያዋ ነው ብዬ፣ እንዳይነሳ በጣቴ ዳር ዳሩን ተጭኜ ነበር ያስገባኋት። ሽማግሌው መልሰው ሲከቷት መብራቷ አረንጓዴ ሆነች፣ ከኋላ «ዚዝ» አለ፣ ካቴናው ወደ ቀላሉ ወጣ። ማሻአላህ አሉ፤ እኔ በገመድ እንዲህ አድርጌ አስተካክዬ አላውቅም ብለው ደጋግመው አስኬዱት።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ሌላ ነገር ጠየቅኋቸው። ገመድ ሊበጠስ ሲል ያስታውቃል ወይ?

«ሳምንት ሙሉ ያጉረመርማል እንጂ። ጥርስ ይስታል፣ ታጠብቂዋለሽ፣ ደግሞ ይስታል።»

«ይሄኛውስ?»

«ይሄማ እስኪያቆም ድረስ ደህና ነኝ ነው የሚለው።»

በገመድ ያድርጉልኝ አልኳቸው። የተሠራ ነገር አይፈታም ብለው ተከራከሩኝ፤ ከባትሪዋ ይልቅ እኔ የታመምኩ ሳልመስላቸው አልቀረሁም። በመጨረሻ ከአሮጌ ብስክሌት የነቀሉትን ክንድና የጣት ማርሽ ገጠሙልኝ፣ ገመዱንም ብረቱ ላይ በፕላስቲክ ማሰሪያ አሰሩት። የጣት ማርሹ መቆሚያ የለውም፤ ካቴናው ጥርሱ ላይ መቀመጡን በጆሮ እየሰማሁ ነው የማስተካክለው። የባትሪውን ክንድ በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። ከባድ ነበር። ያላጠፋ ሰው እንደ ቀጣሁ ሆኖ ተሰማኝ፣ ዕቃ እንደዚህ ሊታዘንለት ይገባል ወይ የሚለውንም አላውቅም።

በማግስቱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደረስኩ። እናቲቱ አልበሉም። ስወጋቸው ማርሹ ታረቀሽ ወይ አሉኝ። ቀየርኩት አልኳቸው።

«ጥፋቱ የሱ ነበር?»

«የኔ ነበር፣ እማማ።»

«ታዲያ እሱን ለምን ቀየርሽው?»

መርፌውን ከመንቀሌ በፊት እስከ አሥር መቁጠር ነበረብኝ። ቆጠርኩ፤ አሥር ስደርስ ነቀልኩት። እሳቸውም መልሴን አልጠበቁም። ልብሳቸውን አስተካክለው እጃቸውን ዘረጉና ዳቦውን አቀብይኝ አሉኝ። አቀበልኳቸው።