ባሌ አንቱ ያሉኝ ሰሞን

ባሌን ካገባሁ ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንቱ ስላቸው ኖሬአለሁ። አትፍረዱብኝ! ስንጋባ እኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እሳቸው ሠላሳን አልፈዋል። ደግሞ ከዚያ በፊት የማውቃቸው መርካቶ ውስጥ አቡጀዲና ከፋይ የሚሸጡ ነጋዴ ሆነው ነው። እናቴ ጨርቅ ልትገዛ ስትሄድ አብሬአት እሄድና "ጋሼ፣ ትንሽ ይጨምሩልን እንጂ" እላቸው ነበር። ታዲያ "ጋሼ ይጨምሩልን" ስል ኖሬ በአንድ ቀን ሠርግ "አንተ" የሚል አፍ ከየት ላምጣ? ልጆቻችንም ከኔ ሰምተው አባታቸውን አንቱ ነው የሚሉት።

ከኛ ጋር ይኖሩ የነበሩት አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ግን ሌላ ነበሩ። ልጃቸው ከሱቅ ደክሟቸው ሲገቡ "አንተ! ደግሞ ጫማህን ሳታወልቅ ልትጋደም ነው?" እያሉ ይቆጡ ነበር። ባሌም ያ ሁሉ ነጋዴ የሚፈራቸው ሰውዬ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ያወልቃሉ። እኔ ጓዳ ሆኜ እስቅ ነበር።

በዘጠነኛው ዓመት አማቴ ሞቱ። የሰማንያ ቀን ተዝካራቸውን ካወጣን በኋላ እንኳ የባሌ ፊት አልፈታ አለ። ሱቅ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ ዝም። አንድ የድሮ ደንበኛቸው ይህን አይተው፣ ደብረ ዘይት ሐይቁ አፋፍ ላይ ያለቻቸውን ትንሽ የእንጨት ቤት ቁልፍ አምጥተው ሰጧቸው። "ቅዳሜና እሑድን እዚያ ውሉ፣ እደሩ። ሐዘን ሲበዛበት ሰው ይሰበራል" አሉ። ባሌ እንቢ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ "እንሂድ?" ብለው እኔን ጠየቁኝ። ልጆቹን እህቴ ዘንድ ትተን፣ ቅዳሜ ሱቁ በጊዜ ተዘጋና ከለገሀር ባቡር ተሳፈርን።

መንገድ ላይ ድፎ ዳቦዬን ታቅፌ እንደ ሙሽራ ኩራት ኩራት ብሎኝ ነበር። ደርሰን በሩ ላይ ስንቆም ባሌ ቁልፉን አወጡ፣ ከተቱ፣ ጠመዘዙ፤ አይዞርም። ገልብጠው ሞከሩ። ከዚያ ቁልፉን ወደ ብርሃኑ አንስተው አዩና "ወይ ጉዴ!" አሉ። ለካስ የሱቁን መጋዘን ቁልፍ ነው ይዘው የመጡት! የለመደ እጅ ምን ይደረጋል? የቤቷ ቁልፍ መርካቶ ሚስማር ላይ ተንጠልጥላ ቀርታለች።

የግቢው ዘበኛ ሊረዳን መጣና የኋላው መስኮት መዝጊያ ልል ነው አለ። ማን ይግባ? ከኔ በቀር ማን አለ! በጭንቅላቴ ሾልኬ ግማሽ አካላቴ ከገባ በኋላ ወገቤ ላይ ተቀረቀርኩ።

"ይግፉኝ እንጂ!" ብዬ ጮህኩ።

"እንዳላሳምምሽ ብዬ እኮ ነው።"

"ከፋይ አይደለሁ፣ አልቀደድም! ይግፉ!"

ሲገፉኝ ውስጥ አልጋ ላይ በአፍጢሜ ተደፋሁ። በሩን ከውስጥ ስከፍትላቸው ፀጉሬ እንደ ጎፈሬ ቆሟል። እጃቸውን ዘርግተው ከፀጉሬ ላይ የሸረሪት ድር ለቀሙልኝ። ዘበኛው እያየ! አፈርኩ፤ ግን ደስ አለኝ።

አመሻሹ ላይ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሐይቁን እናያለን። ባሌ ሱቃቸውን ዘግተው ቢመጡም ሱቁ ከእጃቸው አልወጣም፤ የመስኮቱን መጋረጃ በክንዳቸው ለክተው "አጥሯል" ብለው ነበር የተቀመጡት። ከዚያ፦

"አንድ ነገር ልለምንሽ" አሉኝ።

"ይዘዙኝ።"

"እሱን ነው የምልሽ። 'ይዘዙኝ' አትበይኝ። አንተ በይኝ።"

"ውይ በሞትኩት! ምን ሆኑብኝ?"

"ገበያው ላይ አንተ የሚለኝ ሞልቷል" አሉ። ዓይናቸው ሐይቁ ላይ ነው። "ቤቴ ስገባ ግን አንተ የምትለኝ እናቴ ብቻ ነበረች። እሷም ሄደች። በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ። አንዳንድ ቀን ሳስበው፣ ይቺ ልጅ ትፈራኛለች እንጂ አትወደኝም እላለሁ።"

እኔ እኮ ፍቅሬን ሁሉ እዚያው አንቱ ውስጥ ነው ጠቅልዬ ያኖርኩት! ሸሚዛቸውን ስተኩስ፣ ሲያስላቸው ዝንጅብል ስወቅጥ፣ "ገቡ?" ስል፣ "በሉ?" ስል ፍቅሬ እዚያ ውስጥ ነበር። አልሰሙትም ማለት ነው? አሁኑኑ ልበል፣ ልገላገለው ብዬ አፌን ከፈትኩ።

"አን…" አልኩ።

ዘወር ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ሲያበራ አፈርኩና ቃሉን ዋጥኩት።

"አን… አንሶላውን ላንጥፍልዎ?"

ሳቅ አሉ፤ ግን ሳቃቸው ከጥርሳቸው አላለፈም። "አንጥፊ" አሉኝ። ያን ሌሊት ራሴን ስሰድብ አደርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ድፎውን በረንዳው ላይ አስቀምጬ ሻይ ላፈላ ስገባ ጦጣ መጥታ ግማሹን ይዛ ዛፍ ላይ ወጣች። ከላይ ሆና እያየችኝ ታላምጣለች! እርግማኔን ሰምተው ባሌ "ተያት፣ እንግዳ ናት" አሉና ፊታቸውን ሊታጠቡ ወደ ሐይቁ ወረዱ። ሱሪያቸውን ሰብስበው ድንጋይ ላይ ቆሙ፣ ጎንበስ አሉ፣ ከዚያ ድንጋዩ ከዳቸው። ውሃው ውስጥ ጥልቅ!

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። "ኧረ ጋሼ! ኧረ ይውጡ! ኧረ እጅዎን ይስጡኝ! ኡኡ፣ እንዳይሰምጡብኝ!"

ብቅ አሉ። ለካ ውሃው እስከ ደረታቸው ነው። ቆመው ውሃውን ከፊታቸው ጠረጉና በሳቅ ፈነዱ። ከአማቴ ሞት ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

"አንቺ ሴት! ሰው እየሰመጠም አንቱ ይባላል?"

እኔ ደግሞ ዳር ቆሜ አለቀስኩ። ከድንጋጤው ይሁን ከሳቃቸው እንጃ።

ሱሪያቸው እስኪደርቅ ጋቢ ተጠቅልለው ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። የቀረችንን ዳቦ እየበላን ሳለ "ወስኛለሁ" አሉ። "አንቺ ወደኔ መውረድ ካቃተሽ፣ እኔ ወደ እርስዎ እወጣለሁ። እትዬ፣ ሱሪዬ ደርቆ እንደሆነ ያዩልኛል?"

"ይተዉ እንጂ! ነውር ነው!"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ።"

ቀልድ መስሎኝ ነበር። በባቡሩ "እዚህ ይቀመጡ" ሲሉኝ ጎናቸውን ቆነጠጥኳቸው። ማታ ልጆቹ ፊት "እራት ቀርቧል፣ ይምጡ" ሲሉኝ ልጆቹ እየተያዩ ሳቁ። ነገ ሱቅ ሲገቡ ይረሱታል ብዬ ተኛሁ።

ሰኞ ምሳቸውን በአገልግል ይዤ ሱቅ ሄድኩ። ገዢዎች ሞልተዋል። አጠገባችን ካኪ የሚሸጠው ምላሰኛ ጎረቤታችንም ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ወሬውን ይዟል። ባሌ እንዳዩኝ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "እንኳን ደህና መጡ" አሉኝ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። "ደክሞዎታል፣ እዚህ ይቀመጡ።"

ገዢዎቹ ዞረው አዩን። ከዚያ ጎረቤታችን አጨበጨበ። "ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ሚስቱን አንቱ ይላል! ምነው ወዳጄ፣ ቀሚስሽንስ መቼ ነው የምትለብሺው?"

ባሌን እንደ ሴት ሲጠራቸው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ባሌን አየኋቸው። ይመልሱለታል፣ ያሳፍሩታል ብዬ ነበር፤ ምላሳቸውን መርካቶ ያውቀዋል። አልመለሱም። ፊታቸው ቀልቷል፣ ግን ወንበሩን ለኔ እንደያዙ ቆመዋል። ቀልድ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሁላቸውን ክብር ገበያ መሐል እግሬ ሥር አስቀምጠው፣ መልስ እየጠበቁ ነው። ሰው እየሳቀባቸው፣ ዓይናቸው እኔ ላይ ነው።

አገልግሉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ።

"በቃ፣ ተወው እሱን" አልኩት ባሌን። ድምፄ ለራሴ እንኳ የሌላ ሰው መሰለኝ። "ና፣ ምሳህን ብላ።"

ሳቁ ቆመ። ባሌ ወንበሩን ለቀቀ። ወደ ጨርቁ መደርደሪያ ዞሮ፣ የተስተካከለውን አቡጀዲ እንደገና ሲያስተካክል ትንሽ ቆየ። ከዚያ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠርጎ ወደኔ ዞረ።

"እሺ፣ መጣሁ" አለኝ።