የሰረዝኩት ግምት

ነገሩ ከሆነ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ሰው ሲሰማ ይስቃል። «በቅርጫት ኳስ?» ይለኛል። እኔን ግን እስከ ዛሬ አያስቀኝም። ስለ እኔ ሌላው ብዙ አውርቶታል፤ አንድ ጊዜ እንኳ እኔው ራሴ ልናገረው ብዬ ነው።

ቡታጅራ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህርት ነኝ። ተወልጄ ያደግኩትም እዚያው ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ቅርጫት ኳስ እጫወት ነበር። አጭር ስለሆንኩ ኳስ የማከፋፍለው እኔ ነበርኩ። ኳስ የሚያከፋፍል ተጫዋች ደግሞ ዓይኑ ይሠለጥናል። ማን እንደደከመ፣ ማን እንደፈራ፣ የትኛው ተከላካይ በግራ በኩል መዞር እንደሚከብደው ካላወቀ ኳሱን ማቀበል አይችልም።

በየዓመቱ ከሚያዝያ ጀምሮ አሜሪካኖቹ የጥሎ ማለፍ ጨዋታቸውን ሲጀምሩ አንድም አያመልጠኝም። እነሱ ማታ ሲጫወቱ እኛ ጋ ሊነጋጋ ሲል ነው። ስለዚህ ውጤቱን ከሰው ሳልሰማ ቅጂውን በስልኬ ከፍቼ አያለሁ። ለውድድር የማሠለጥናቸው ሴት ልጆች ስላሉኝ ለእነሱም የሚሆን ነገር እለቅምበታለሁ።

በትምህርት ቤታችን ጋሽ አስፋው የሚባሉ የሒሳብ መምህር አሉ። ከጎንደር መጥተው ቡታጅራ ከሃያ ዓመት በላይ ኖረዋል። ኳሱን አያውቁትም፤ ግምቱን ግን ወደዱት። ከሁለቱ ቡድኖች አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈው ያልፋል፤ ስለዚህ ፉክክሩ ከአራት ያላነሰ፣ ከሰባት ያልበለጠ ጨዋታ ይፈጃል። ይሄ ቁጥር ደስ አሰኛቸውና በመምህራን ማረፊያው ግድግዳ ላይ ትልቅ ወረቀት ለጠፉ። ሁላችንም ማን እንደሚያልፍ፣ በስንት ጨዋታ እንደሚያልፍ ከስማችን ፊት እንጽፋለን። ሽልማቱ ጭብጨባ ነበር። በትክክል ለገመተው ሰው የቀረነው ተነሥተን እናጨበጭብለታለን።

ያኔ እኔ ታጭቼ ነበር። እጮኛዬ ጀማል ይባላል፤ የፊዚክስ መምህር፣ የጉንችሬ ልጅ ነው። ሽማግሌዎቹ ከጉንችሬ ድረስ መጥተው ከቤተሰቦቼ ጋር ተስማምተው ለኒካው ቀን ተቆርጧል። ጀማል አንደበተ ርቱዕ ነው። ስለ ምንም ነገር ሲያወራ ማረፊያው ጸጥ ብሎ ያዳምጠዋል። የእግር ኳስ ትንታኔ ከእሱ ወዲያ ለአሳር ነው ይባል ነበር።

ቅርጫት ኳስ ግን ከእኔ ነው የተማረው። ከሥራ ስንወጣ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን «ይሄኛውስ? ለምን?» እያለ ይጠይቀኛል። እነግረዋለሁ። በማግስቱ ማረፊያ ውስጥ የነገርኩትን ቃል በቃል ሲደግመው እሰማለሁ። ከእኔ ነው ሲል ግን ሰምቼው አላውቅም። እውነቱን ለመናገር ያኔ አልከፋኝም፤ እንዲያውም ፍቅር መስሎኝ ነበር።

ለዋንጫው ሁለት ቡድኖች ደረሱ። ጋሽ አስፋው ስማቸውን መያዝ ስላቃታቸው በማሊያቸው ቀለም «ቀዮቹ» እና «ሰማያዊዎቹ» ብለው ጻፏቸው፤ እኛም እንደዚያው ጠራናቸው። ዓመቱን ሙሉ ያሸነፉት ቀዮቹ ናቸው። ማረፊያው ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ «ቀይ፣ በአምስት ጨዋታ» አለ። ጀማልም እንደዚያው ጻፈ።

እኔ «ሰማያዊ፣ በሰባት» ብዬ ጻፍኩ።

ጋሽ አስፋው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «ምክንያት?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ቀዮቹ አንድ ረጅም ልጅ አላቸው። እሱ ሜዳ ላይ ሲኖር ማንም አይችላቸውም፤ ሲያርፍ ግን ይበተናሉ። ጨዋታው ከተራዘመ ማረፉ አይቀርም። ሰማያዊዎቹ አሥር ሰው እያቀያየሩ ያጫውታሉ፤ አይደክሙም።»

አንዱ መምህር ከወዲያ ጥግ «ጀማል፣ ኒካው ሳይታሰር ተቃወመችህ እንዴ?» ብሎ ቤቱን አሳቀው። ጀማልም ሳቀ፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም።

ከሥራ ስንወጣ ሻይ ቤት አልገባንም። ባጃጅ መያዣው ጋ ስንደርስ ቆመ።

«ቀይሪው» አለኝ።

«ምኑን?»

«ግምትሽን ነዋ። ሰው ፊት እንዲህ ተለያይተን መታየታችን ደስ አይልም። የባልና ሚስት ቃል አንድ ነው።»

«ኳስ እኮ ነው፣ ጀማል።»

«ኳስ ከሆነማ መቀየሩ ምን ይከብድሻል?»

በማግስቱ ጠዋት ማንም ሳይመጣ ገብቼ በጻፍኩት ላይ መስመር አሰመርኩና ከጎኑ «ቀይ፣ በአምስት» ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ አስፋው ገብተው ሲያዩ ቅር አላቸው። «ምክንያትሽ ጥሩ ነበር እኮ» አሉኝ። «ተሳስቼ ነው ጋሼ» አልኳቸው።

ቀዮቹ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች አሸነፉ። ጀማል ክንፍ አወጣ። ባገኘኝ ቁጥር «አየሽ?» ይለኛል። በሦስተኛው ጨዋታ ረጅሙ ልጅ ጥፋት በዛበትና ተቀመጠ፤ ቀዮቹ ተበተኑ። አራተኛውንም ሰማያዊዎቹ ወሰዱት። ሁለት ለሁለት ሲሆኑ በአምስት ያለው ሰው ሁሉ ወደቀ። አምስተኛውን ቀዮቹ አሸነፉ፤ ስድስተኛውን ሰማያዊዎቹ። ጋሽ አስፋው በየጠዋቱ ወረቀቱ ፊት እየቆሙ በጣታቸው የኔን መስመር ይነካሉ። «ይሄ የተሰረዘው እየተጠጋ ነው» ይላሉ።

ጀማል በዚያ ሳምንት ስለ ኳስ አንዴም አላነሣም።

ሰባተኛውን ጨዋታ ሰኞ ጠዋት ልብሴን እየለበስኩ አየሁት። ሰማያዊዎቹ አሸነፉ። ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ ዘለልኩ፤ ወዲያው ደግሞ መሰረዜ ትዝ አለኝና አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ።

በእረፍት ሰዓት ማረፊያው ሞልቶ ነበር። ጋሽ አስፋው ወረቀቱን ከግድግዳው ነቅለው በእጃቸው ይዘዋል። «እንግዲህ ትክክለኛው ግምት ተሰርዟል። ቢሆንም ለተሰረዘውም ቢሆን ማጨብጨብ ያለብን ይመስለኛል» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። አንገቴ ሥር ሙቀት ተሰማኝ። ደስታ ነበር።

ይሄኔ ጀማል ተነሣ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልናገር» አለ እየሳቀ። «እሱን ግምት የሰጠኋት እኔ ነኝ። አንዱን እኔ፣ አንዱን አንቺ ጻፊ ተባብለን ተከፋፈልን። የቱም ቢመጣ ከቤታችን አይወጣም ብዬ። እሷ ሰው ሲስቅባት ፈርታ ሰረዘችው።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ያ ከጥግ የሚቀልደው መምህር «የተሰጠሽን እንኳ መያዝ ያቅትሽ?» አለኝ።

ጋሽ አስፋው አልሳቁም። ወረቀቱን ዝቅ አድርገው በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ጠየቁኝ። «እውነት ነው ሰሚራ?»

ጀማልን አየሁት። አልለመነኝም፤ አልተቆጣኝምም። የምለውን ቀድሞ እንደሚያውቅ ሰው ዘና ብሎ ቆሟል። የተቆረጠው ቀን ታየኝ፤ ከጉንችሬ የመጡት ሽማግሌዎች ታዩኝ፤ እናቴ ታየችኝ።

«አዎ» አልኩ።

ለጀማል ተነሥተው አጨበጨቡለት። እኔም አጨበጨብኩ።

ከሰዓት በኋላ የሴቶቹን ልምምድ ጨርሼ ስወጣ በር ላይ ጠበቀኝ። ምንም እንዳልሆነ ሰው «እንሂድ?» አለኝ።

«ለምን እንደዚያ አልክ?»

«ምን ጎዳሁሽ? ባልሽ ሲከበር አንቺም አብረሽ አይደለሽ የምትከበሪው?»

«አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። ለጋሽ አስፋው ብቻቸውን ሲሆኑ እውነቱን ንገራቸው። ሌላ ሰው መስማት የለበትም።»

«አሁን ተመልሼ ውሸታም ልባል? ወላሂ ሰሚራ፣ አንቺ ነገር ታከብጃለሽ።» ከዚያ ፈገግ አለና ጨመረ፤ «ለነገሩ ከኒካው በኋላ ይሄን ልጆች ማሠልጠኑንም ብትተዪው ነው የሚሻለው። ጭንቅላትሽን ይዞታል።»

ብዙ አላሰብኩም። «ኒካው ይቅር» አልኩት። የሰማኝ አልመሰለኝም፤ ደግሜ ነገርኩት።

ከዚያ ወዲያ የመጣው ከኳሱ ይብሳል። እናቴ ሦስት ቀን አለቀሰች።

«ልጄ፣ ይጠጣል?» አለችኝ።

«አይጠጣም።»

«እጁን አንሥቶብሻል?»

«ኧረ በጭራሽ።»

«ሌላ ሴት አለችው?»

«የለችውም።»

«ታዲያ ለሽማግሌዎቹ ምን ብዬ ልንገራቸው?»

«ዋሸ በያቸው።»

«ምን ብሎ ነው የዋሸው?»

ስነግራት ትክ ብላ አየችኝ። «በኳስ?» አለች። ከዚያ ወዲያ ስለ ነገሩ አልጠየቀችኝም። ለሽማግሌዎቹ ምን እንዳለቻቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። አንደኛው አዛውንት ግን ሲወጡ በር ላይ አግኝተውኝ «አላህ ልብ ይስጥሽ» ብለውኝ ሄዱ።

ከተማው የራሱን ጨመረበት። በአሜሪካ ኳስ ትዳሯን ያፈረሰች ተባልኩ። ገበያ ውስጥ ሴቶች በክርን ሲነካኩ አይቻለሁ። ጀማል ግን የተበደለ ሆነ፤ ሁሉም «አይዞህ» አለው። በዓመቱ ወደ ወልቂጤ ተዛወረና እዚያ አገባ። ጋሽ አስፋው ጡረታ ወጡ። ስንሰናበት የሆነ ነገር ሊጠይቁኝ ፈልገው እንደተዉት ገብቶኛል። እኔም አልነገርኳቸውም። ጊዜው ያለፈበት መሰለኝ።

ባለፈው ጥር ልጆቼን ይዤ ለትምህርት ቤቶች ውድድር ወልቂጤ ሄድኩ። ጨዋታችንን አሸንፈን ከሜዳው ስንወጣ ጀማልን በሩ ላይ አገኘሁት። ከባለቤቱ ጋር ነው፤ ሆዷ ገፍቷል። «አሰላሙ ዐለይኩም» አለኝ፤ መለስኩለት። ለባለቤቱ «ቡታጅራ አብረን ያስተማርን ናት» ብሎ አስተዋወቀኝ። የታጨሁለት መሆኔን አልነገራትም።

ልጅቷ ሳቂታ ናት። እጄን ይዛ «ያኔ የአሜሪካኖቹ ኳስ በሰባት ጨዋታ ያለቀ ጊዜ እዚያው ነበርሽ?» አለችኝ። «መምህራኑ በሙሉ በአምስት ሲሉ እሱ ብቻውን በሰባት ብሎ ገመተ አሉ። ሁሉም ተነሥተው አጨበጨቡለት ሲለኝ አላመንኩትም ነበር። እውነት ነው?»

ጀማል ዓይኑን ይሰብራል ብዬ አየሁት። አልሰበረም። ልክ እንደሷ ፈገግ ብሎ መልሴን ይጠብቃል። የገባኝ ያኔ ነው፤ ሰውየው እየዋሸ አይደለም። ራሱም አምኖታል። በእሱ ጭንቅላት ውስጥ እኔ ያንን ግምት ጽፌው አላውቅም።

የልጅቷን ፊት አየሁ፤ ሆዷንም አየሁ።

«አዎ፣ እውነት ነው» አልኳት።

እሱን ባለማግባቴ አንድም ቀን አልተጸጸትኩም። ይቅር ብዬዋለሁ ብል ግን ውሸቴን ነው። ከእሱ ይልቅ የሚያንገበግበኝ የራሴ አፍ ነው። ሁለት ጊዜ ሰው ፊት ለፊት እውነቱን ጠይቆኝ ሁለቱንም ጊዜ «አዎ» ብያለሁ። ሦስተኛ የሚጠይቀኝ ስለሌለ ሳልጠየቅ ጻፍኩት።